ፍሪጅ ላይ ያንጠለጠልኩት ደብተር

ሽማግሌ ቤታችሁ መጥቶ ያውቃል? ልጅ ለመጠየቅ የሚመጣውን አይደለም የምላችሁ፤ ባልና ሚስት ለማስታረቅ የሚመጣውን ነው። መጥቶ ያውቅ ይሆናል። ግን ሳትጣሉ መጥቶ ያውቃል? እኔ ቤት መጥቷል። አንድ ዓርብ ቀን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሁለት ከዘራና አንድ ጃንጥላ ይዘው፣ ከባለቤቴ ጋር ሊያስታርቁኝ፣ እዚህ እስራኤል አገር፣ ከቂርያት ዔቅሮን እኛ ወዳለንበት ረሆቮት ድረስ በአውቶቡስ መጡ። እኔና ባለቤቴ በዚያች ሰዓት ያልተስማማንበት ነገር ቢኖር ሰላጣው ውስጥ ሽንኩርት ይግባ አይግባ የሚለው ብቻ ነበር። እሱንም ባለቤቴ "እሺ" ብሎ ዘግቶት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እናቴ እንደምትለው ጨው የት እንደተቀመጠ ብጠየቅ ከባሕሩ ነው የምጀምረው። ሥርዓትም እወዳለሁ። ወጥ ቤቴ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የያዘው ነገር ስም ተጽፎበታል። የስኳሩ ዕቃ ውስጡን የሚያሳይ ቢሆንም "ስኳር" የሚል ለጥፌበታለሁ፤ የሚታይ ነገር ሁሉ ይታወቃል ማለት አይደለምና። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። እኔ ራሴ ግን ያን ጊዜ አልያዝኩትም።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ማትናስ፣ ማለት ልጆች ጁዶ፣ እናቶች ዕብራይስጥ በሚማሩበት የሰፈር አዳራሽ፣ በፈቃደኝነት ለእናቶች ዕብራይስጥ አስተምራለሁ። የዚያን እሑድ ትምህርት ጠባይን የሚገልጹ ቃላት ነበር። በዕብራይስጥ ቃሉ ለሴት አንድ ዓይነት፣ ለወንድ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩ፤ በቀኝ "ሴት"፣ በግራ "ወንድ"። ከዚያ የሴትን መልካም ጠባይ ንገሩኝ አልኳቸው። ታጋሽ፣ ብልህ፣ ሩኅሩኅ፣ ታታሪ፣ ንጹሕ፣ ቻይ። እጄ አልደርስ አለ። ቦታው ሲያልቅ ፊደሌን አሳነስኩ። ያም ሲያልቅ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ጻፍኩ።

"በጣም ጥሩ፤ የወንድስ?" አልኩ።

አንዲቷ ሻርፗን አስተካከለች። ሌላዋ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ፈለገች። በመጨረሻ ከፊት የሚቀመጡት ወይዘሮ እታገኝ፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ክፍሉን ለማዳን ያህል ተናገሩ።

"ረጃጅም ናቸው።"

"ይህ ቁመት ነው እንጂ ጠባይ አይደለም፣ ወይዘሮ እታገኝ።"

"እንግዲያ እንጃ፣ ልጄ።"

ከኋላ አንዲት ሴት ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ያወርዳሉ አለች። እሱም ያው ቁመት መሆኑን አስረዳሁ። ከዚያ በኋላ ሳቁ አላስተምር አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሴቶች ባሎቻቸውን ስለማይወዱ አይደለም። ባልን በሰው ፊት ማመስገን ለእነሱ ነውር ነው። አንዳንዶቹ የባላቸውን ስም እንኳ አይጠሩም፤ "እሳቸው" ይላሉ። ክፍሌ ውስጥ አሥራ አራት "እሳቸው" አሉ፤ የትኛዋ ስለየትኛው እንደምታወራ የሚለየው በአቀማመጥ ነው። ያም ሆኖ ባዶ ዓምድ ባዶ ዓምድ ነው። እኔ ደግሞ ባዶ ዓምድ አይቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ለሚቀጥለው እሑድ ከራሴ ቤት፣ በማስረጃ የተደገፈ መልስ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ከሰባት ወር በፊት ያገባሁት ወንድ እቤቴ ቁጭ ብሏል፤ ከዚህ የተሻለ ምን መማሪያ አለ?

ባለቤቴ ፈንታሁን ይባላል። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነበር። አሁን ቤተ ሙከራዎች ባሉበት አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነው። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ቁልፍ ሲነክስ፣ ማቀዝቀዣ ሲያለቅስ የሚጠሩት እሱን ነው። ብዙ አያወራም። "እሺ" ይላል። "እሺ" ሲል በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ማለቱ እንደሆነ ለመለየት ስሞክር ቆይቼ አራት ዓይነት አገኘሁ፤ አጭሩ፣ ረጅሙ፣ በአፍንጫ የሚወጣውና ሳይሰማኝ የሚለው። አራቱም በመጨረሻ አንድ ዓይነት ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር።

እሑድ ማታ ደብተር አሰመርኩ። በአንድ ዓምድ የተናገረውንና የሆነውን እጽፋለሁ፤ በሌላው ያደረገውን። ደብተር መሳቢያ ከገባ ይረሳልና ገመድ አስሬ ፍሪጁ እጀታ ላይ አንጠለጠልኩት፤ እርሳስም አሰርኩበት። ለምን እንደሆነ ለፈንታሁን አልነገርኩትም። እየተመለከቱት መሆኑን ያወቀ ሰው ጠባዩን ይለውጣል። ምስጢር መሆን ያለበትን ነገር ፍሪጅ ላይ የሚሰቅል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብትሉኝ፣ የተማረ ሰው ነው እላችኋለሁ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እየነደድኩ መጣሁ። ዳይሬክተሯ በሳምንት ሦስት ቀን በዕረፍት ሰዓት ግቢውን እንድጠብቅ መድባኛለች፤ በዚህ ብርድ። ለፈንታሁን አርባ ደቂቃ ነገርኩት። የዳይሬክተሯን አነጋገር፣ የሌሎቹን አስተማሪዎች አስተያየት፣ እኔ ልመልስላት ይገባኝ የነበረውንና ያልመለስኩላትን። የምጠብቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "አይዞሽ"። እሱ መስኮቱን እያየ ሰማኝና "እሺ" አለ። ደብተሩን አነሳሁ። "ሰኞ፦ አርባ ደቂቃ ነገርኩት። መስኮቱን ያያል። እሺ አለ።" ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ ተውኩት፤ የሚጻፍበት ነገር አላየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳዬ ከበደኝ። ስከፍተው ትኩስ ሻይ የያዘ ቴርሞስና የሱፍ ኮፍያ አለበት። ሻዩን ግቢ ውስጥ ቆሜ ጠጣሁት፤ ኮፍያውንም አደረግኩት፤ ሞቀኝም። ግን ተናደድኩ። ቴርሞስ ነው እንዴ የጠየቅኩት? ማታ ስለዚሁ ነገር ሌላ ግማሽ ሰዓት ሳወራለት ሶፋው ላይ አንቀላፋ። ያንንም ጻፍኩ። "ስናገር አይሰማኝም" የሚልም ጨመርኩበት። "ከሥራ ሲመጣ ዝም ብሎ ይገባል፤ መምጣቱን እንኳ አላውቅም" የሚልም። አንዴ እርሳስ ከያዝኩ አያቆመኝም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይሆኑ ጀመር። ረቡዕ ማታ የበሩ ደወል ጮኸ። ከገባን ጀምሮ ጮኾ አያውቅም ነበርና ደንግጬ ከፈትኩ። ፈንታሁን ቆሟል፤ ፈገግ ብሏል።

"ቁልፍህ ጠፋ?" አልኩት።

"አይ፣ አለ" አለና ገባ።

ሐሙስ ሶፋው ላይ ስቀመጥ ወገቤን መታኝ፤ እንደ አውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ወንበር ደርቋል። ዕቃ አርጅቶ ነው አልኩ። ደግሞ ቤቱ ጸጥ አለብኝ፤ የሆነ ድምፅ ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ይህን ሁሉ ደብተሩ ላይ አልጻፍኩም። ስለ ወንድ ጠባይ የሚመለከት ነገር አይደለማ።

እናቴ ረቡዕ ረቡዕ እኛ በሌለንበት ትመጣለች፤ ቁልፍ አላት። ማንበብ የተማረችው በአገር ቤት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅ አውጥታ፣ አንድም ፊደል ሳትዘል ታነባለች። ያን ረቡዕ ምን እንዳነበበች ገምቱ። እኔ የማውቀው ሐሙስ ማታ ደውላ እንግዳ እንግዳ ነገር መጠየቋን ብቻ ነው። ትተኛለሽ፣ ትበያለሽ ወይ? እተኛለሁ፣ እበላለሁ። ታለቅሻለሽ ወይ? ለምን አለቅሳለሁ? ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የፈረምሽው ወረቀት አለ?" አለችኝ። ትናንት ፖስታ ቤት ዕቃ ተቀብዬ ፈርሜ ነበርና "አዎ፣ ትናንት ፈረምኩ" አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ ተቋርጦ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዓርብ ቀን፣ ፈንታሁን ሽንኩርቱን ሲልጥ፣ ደወሉ ጮኸ። ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች በተርታ ቆመዋል። ከኋላቸው እናቴ ድስት ታቅፋ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ከፊት የቆሙት አባ ይርጋ ናቸው፤ በቂርያት ዔቅሮን እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት ቢኖር ገና ያልተጋባ ነው። ከጎናቸው አባ ዋሴ፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ። ሦስተኛውን አላውቃቸውም። በኋላ እንደሰማሁት የመጡት የአውቶቡሱን ሰዓት ስለሚያውቁ ነው።

"ግቡ፣ አረፍ በሉ" አልኳቸው።

"እሺ ሳትሉን አንቀመጥም" አሉ አባ ይርጋ።

ፈንታሁን ሽንኩርቱን እንደያዘ ከወጥ ቤት ብቅ አለና "እሺ" አለ።

ይህችን ማስረዳት አለብኝ። ሽማግሌ "እሺ በሉን" ሲል ሰው ወዲያው እሺ አይልም። በምን ጉዳይ ነው ይላል፤ ያንገራግራል፤ ይለመናል። ሽማግሌውም ለዚያ ተዘጋጅቶ፣ ቃሉን አሰናድቶ ነው የሚመጣው። አባ ይርጋ በዕድሜያቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ፈጣን እሺ የገጠማቸው አይመስለኝም። ያሰናዱት ቃል አፋቸው ውስጥ ቀረ። ገብተው ተቀመጡ። አባ ዋሴ ሶፋው ይሰምጣል ብለው ራሳቸውን ልቅቅ አድርገው ነበር፤ አልሰመጠም።

"ጥሩ መደብ ነው" አሉ በአድናቆት።

አባ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰንበት እየገባች ነው። ሰንበትን ተኳርፎ መቀበል ደግሞ አይገባም። በይ ልጄ፣ አንቺ ጀምሪ።"

"ምኑን?"

"በደልሽን።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አስረዳሁ። እንዳልተጣላን፣ ስለ ማትናሱ፣ ስለ ወንድና ሴት ቃላት፣ ስለ ባዶው ዓምድ። ሰሌዳ ስላልነበረኝ የወረቀት መሐረብ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ሦስቱም አንዴም አላቋረጡኝም፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባብራራሁ ቁጥር ፊታቸው እያዘነ መጣ።

"ልጄ" አሉ አባ ይርጋ ስጨርስ፣ "ያልተጣላ ሰው ይህን ያህል አያብራራም።" ወደ ፈንታሁን ዞሩ። "አንተስ?"

"እኔ ምንም የለኝም፣ አባ።"

"ምን አለ?" አሉ አባ ዋሴ።

"ምንም የለኝም አለ።"

"ወይ ጉድ። እስከዚህ ደርሷል?"

እናቴ ድስቷን አስቀመጠች። "እኔ ምንም አልልም፤ መዝገቡ ይናገር" አለችና በጣቷ ፍሪጁን አሳየች። የጎረቤታችን ልጅ ስትፋታ ጠበቃዋ ባልሽ የሚልሽንና የሚያደርግሽን በየቀኑ ጻፊ ብሏት ነበር፤ እናቴ ያን ታውቃለች። የፍቺ ወረቀቱንም ራሷ ፈርሜያለሁ ብላኛለች አለች። የፈረምኩት የሰሌዳ እስክሪብቶ ለመቀበል እንደሆነ ብነግራት፣ ታዲያ ፖስታ ቤት ነው ብትይ ምን ነበረበት ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። ጨውን ከባሕሩ የምጀምር ሴት ያን ቀን ብቻ ማሳጠሬ።

አባ ይርጋ መነጽራቸውን አደረጉና ደብተሩን ከገመዱ ፈቱ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከሰንበት በፊት ያለው የመጨረሻው አውቶቡስ በስምንት ተኩል ነው አሉ። የእሳቸው ሰዓት እስከ ዛሬ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የሚሄደው። እኛ መኪና የለንም። ሽማግሌ ደግሞ ሳያስታርቅ አይወጣም። ስለዚህ ወይ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንታረቃለን፣ ወይ ሦስት ሽማግሌዎች ሰንበትን እኛ ጋ ያድራሉ፤ ያለን አልጋ አንድ ነው። ለመታረቅ ግን መጀመሪያ ጠብ ያስፈልጋል። እኔ ጠብ ፍለጋ አእምሮዬን ስበረብር አባ ይርጋ ማንበብ ጀመሩ።

"ሰኞ። አርባ ደቂቃ ነገርኩት። መስኮቱን ያያል። እሺ አለ።"

ያለ ክፋት የጻፍኩት ነገር በሽማግሌ አፍ ሲነበብ እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። እያንዳንዷ መስመር ክስ ሆነች። "እያወራሁት አንቀላፋ።" "ስናገር አይሰማኝም።" ፈንታሁን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቷል። ሳምንቱን ሙሉ የተናገረውን ስጽፍ ፊቱን አላየሁትም ነበር፤ ያኔ አየሁት። ይህ ሰው እኔን አንድ ክፉ ቃል ሳይናገረኝ፣ በእኔው ጽሑፍ፣ በሦስት ሽማግሌና በአማቱ ፊት ተከሷል። ደብተሩን ነጥቄ ልቀደው ፈለግኩ። ግን የሽማግሌ እጅ ነው፤ አይነጠቅም።

አባ ይርጋ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። "ይህ በየመስመሩ ጎን ያለው ምልክት ምንድን ነው?"

አየሁት። ባዶ ነው ያልኩት ዓምድ ውስጥ፣ በየመስመሩ ፊት ለፊት፣ በእርሳስ ቪ ተደርጓል፤ አስተማሪ ለልክ መልስ የሚያደርገው ቪ። እኔ በቀን መቶ ጊዜ አደርገዋለሁ። እነዚህ ግን የእኔ አይደሉም፤ ሐሙስ ማታ የመጨረሻዋን መስመር ስጽፍም አልነበሩም።

"ያለቀው ነው" አለ ፈንታሁን።

"ምኑ?"

"ሥራው።"

ከዚያ ባለቤቴ ከተጋባን ወዲህ ያልሰማሁትን ያህል ረጅም ንግግር አደረገ። ቀስ ብሎ፣ ለሽማግሌ እንደሚናገር ሰው። "በሥራ ቦታዬ በር ላይ እንዲህ ያለ ደብተር አለ፣ አባ። ገመድ አለው፣ እርሳስም አለው። ሰዎች የተበላሸውን ይጽፋሉ፤ እኔ እሠራና ቪ አደርጋለሁ። እሷም ስታንጠለጥል ደስ አለኝ። ምን እንደምትፈልግ ማወቅ ይከብደኝ ነበር። አሁን ትጽፍልኛለች አልኩ።"

መስኮቱን ያያል? ትሪሱን፣ ማለት የመስኮቱን መዝጊያ፣ ነበር የሚያየው። ከገባን ጀምሮ ግማሽ ላይ ተነክሶ ብርድ ያስገባ ነበር፤ ሠርቶታል። ዝም ብሎ ይገባል? ደወሉን ሠራው። ሶፋው ላይ አንቀላፋ? ሶፋው በጣም ለስልሶ ነው ብሎ ከሥሩ ጣውላ አስገባ። ስናገር አይሰማኝም? ፍሪጁ ሲጮህ ነው አለ፤ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፎ አደረገና ዝም አሰኘው። ቤቱ ውስጥ የጎደለብኝ ድምፅ እሱ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ያየ ሰው ወንድና ሴት በምን እንደሚለያዩ ሌላ መምህር አያስፈልገውም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። ትሪሱን አወረዱ፣ አወጡ፣ አወረዱ። አባ ዋሴ ወደ ውጭ ወጥተው ደወሉን ደወሉና "ይህማ ለእኔም ይሰማል" ብለው ተመለሱ። አባ ይርጋ ጆሯቸውን ፍሪጁ ላይ ለጥፈው ትንፋሻቸውን ያዙ። ሦስተኛው ሽማግሌ ካርቶኑን ለማየት ተንበረከኩ፤ ስንት ጊዜ እንደታጠፈ ጠየቁ። ፈንታሁንም ተንበረከከ። አራት ወንዶች አንድ ፍሪጅ ሥር በፍጹም ሰላም ተሰበሰቡ። እኔና እናቴ ደረቁ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ተያየን።

"የአንቺም አባት እንዲህ ነበር" አለች እናቴ ቀስ ብላ። "ናፈቅከኝ ስለው ጣሪያ ይጠግን ነበር።"

ሰዓቱ ሄዷል። አባ ይርጋ ወደ ደብተሩ ተመለሱና መጨረሻው ላይ ቆሙ። "ይህችኛዋ ቪ የላትም።" አነበቧት። "ሐሙስ። ደስ ብሎሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እሺ አለ።"

ፈንታሁን ከወለሉ ተነሥቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"እሷን አልቻልኳትም" አለ። "ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ምኑ እንደተበላሸ አልገባኝም። እኔ ደስ ብሎኛል፤ እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። ያልተበላሸ ነገር እንዴት እንደሚጠገን አላውቅም። ምናልባት ደስ ያላላት እሷ ትሆን ይሆን ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ከሆነ ትጻፈው፤ እሠራዋለሁ።"

ፍሪጁ እንኳ እንደ ድሮው ቢጮህ ትንሽ በገላገለን። ስኳር ላይ "ስኳር" ብዬ የጻፍኩ ሴት፣ ሁሉን የማስረዳ ሴት፣ የማስረዳው አንድ ነገር አጣሁ። ከአፌ የወጣችው አንዲት ቃል ናት።

"እሺ" አልኩ።

"ምን አለች?" አሉ አባ ዋሴ።

"እሺ አለች።"

"ተመስገን። ታረቁ።"

አባ ይርጋ ግን ያለ ፍርድ አይወጡም። ቆመው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ከእንግዲህ ወሬ ስትጀምሪ የፈለግሽው እጁን ይሁን ጆሮውን አስቀድመሽ ንገሪው።" ወደ ፈንታሁን ዞሩ። "አንተም ጆሮህን ስትጠየቅ መፍቻ አታንሣ።" እንዲህ ያለ ግልጽ ትምህርት ሠላሳ ደቂቃ ባስተምር አይወጣኝም።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። ዝናቡ ያካፋል፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ለአባ ይርጋ ይዘው፣ እኔ አባ ዋሴን ደግፌ፣ እናቴ ወጡን እኛ ጋ ገልብጣ ባዶ ድስቷን ታቅፋ። ፈንታሁን ቀድሞ ሮጦ አንድ እግሩን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አድርጎ ሹፌሩን ይዞታል። ምን ብሎ እንደያዘው ስደርስ ሰማሁ፤ የአውቶቡሱ በር ለምን እንደሚጮህ ሁለቱ ተከራክረው ሳይጨርሱ ነበር የደረስነው። ሽማግሌዎቹ ወጡ። ሦስተኛው ከደረጃው ዞረው ስለ እኛ ትዳር የተናገሩትን ብቸኛ ቃል ተናገሩ።

"የእኔም ቤት ትሪስ አይወርድም።"

"እሺ፣ አባ" አለ ፈንታሁን።

የእሳቸውም ትሪስ እንደሚወርድ ያኔ አወቅኩ። አራቱ የእሺ ዓይነቶች በእርግጥ አንድ ናቸው፤ እኔ የተሳሳትኩት ያ አንዱ ምን ማለት እንደሆነ ነው። "ሰምቼሻለሁ፤ ነገ ጠዋት ታዪዋለሽ" ማለት ነው። እኛ ሴቶች የሚሰማንን እንናገራለን፤ የተናገርነው ሲመለስልን ደስ ይለናል። ከእነሱ ብዙዎቹ የተናገርነውን ይወስዱና ሄደው አንድ ቦታ ላይ ያጠብቁታል። አጥብቀው ሲጨርሱም አይነግሩንም።

በሚቀጥለው እሑድ ማትናስ ሄጄ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩና በወንዱ ዓምድ "ይሠራዋል" ብዬ ጻፍኩ። ታሪኩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ሁለቱ ቀድመው በአባ ዋሴ በኩል ሰምተውት ነበር። ከዚያ ወይዘሮ እታገኝ እጃቸውን አነሡ።

"እሳቸው ጠዋት ከእኔ ቀድመው ይነሣሉ" አሉ። "ጫማዬ በክረምት ሁሌ ሙቅ ነው። እኔ ከማሞቂያው አጠገብ እየረሳሁት መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸው ናቸው የሚያስቀምጡት።" ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ። "አሁን ገና አሰብኩት።"

ከኋላ አንዷ ቀጠለች፤ ከጎኗ ያለችው አስከተለች። አሥራ አራቱም "እሳቸው" አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ወጡ። ስም ያልጠራ የለም ልበል? አይ፣ ስም የጠራ የለም። ፊደሌን አሳነስኩ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ወደ ጎን ጻፍኩ።

እንግዲህ እናንተም ሞክሩት። አንድ ደብተር፣ አንድ ገመድ፣ አንድ እርሳስ። ፍሪጁ ላይ ስቀሉት፤ ሳምንት ሙሉ የከፋችሁን ጻፉ፤ ሁለተኛውን ዓምድ አትንኩት። በሳምንቱ መጨረሻ ትሪሱን አውርዱ፣ ደወሉን ደውሉ፣ ቦርሳችሁን ክፈቱ፣ ጫማችሁን ዳሱ። ከዚያ ቪ የሌላትን መስመር ፈልጋችሁ እሷን በቃል ጠይቁት፤ ጆሮህን ነው ብላችሁ አስቀድሙለት። እናታችሁ ማንበብ የምትችል ከሆነች ግን፣ እባካችሁ፣ ደብተሩን ከመስቀላችሁ በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሆነ እወቁ።